የጨዋታው ቁልፍ በማን እጅ ነው?

በቋንቋችን «ጨዋታ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። ልጆች ሜዳ ወርደው ሲሯሯጡ ጨዋታ ነው፤ ሁለት ወዳጆች ቡና አስቀርበው ሲያወጉም ጨዋታ ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ ከአንባቢዎቻችን ጋር የምንጫወተው ስለ ጨዋታ ነው፤ ይኸውም ሊኑክስ በተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ ስለሚደረገው ጨዋታ ነው። «ተማሪውን ፈተና፣ ሠራተኛውን ፋይል እየጠበቀው ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ ማውራት ምን የሚሉት ነው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እስከ መጨረሻው ቢታገሠን፣ የነገሩ ላዩ ጨዋታ ውስጡ ግን ቁም ነገር መሆኑን ይረዳልናል ብለን እናምናለን።

ነገሩ የተነሣው ከገዛ ቤታችን ነው። በተማሪነታችን ዘመን ከሰው እጅ የገዛነው አንድ ላፕቶፕ አለን። የመመረቂያ ጽሑፋችንን የጻፍንበት፣ ጽሑፉ ሲሰለቸንም ሌሊቱን በጨዋታ ያጋመስንበት እርሱ ነው። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ዊንዶውስ 10 ለተባለው ሥርዓቱ ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቆመ። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የሚባል የጥበቃ ክፍልና አዲስነት ያለው ፕሮሰሰር ካላገኘ በወጉ አልጫንም ይላል። የእኛ ላፕቶፕ ይህን አላሟላም። ስክሪኑ ያበራል፤ ቁልፎቹ ይመታሉ፤ ባትሪውም ቢሆን መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ይታገሣል። ጕልበቱ ሳይደክም፣ ዕድሜው ሳይደርስ «ጡረታ ውጣ» የተባለ ሠራተኛ መሰለን።

አንድ የኮምፒዩተር ጠጋኝ ዘንድ ወሰድነው። ገልበጥ አድርጎ አየና «ወንድሜ፣ ይህን ሽጥና አዲስ ግዛ» አለን። የአዲሱን ዋጋ ሲነግረን ከወር ደመወዛችን ጋር አስተያይተን ዝም አልን። ይህን የሰማ አንድ ወዳጃችን «ሊኑክስ ጫንበት፤ በነጻ ነው» ሲል መከረን። አጠገቡ የተቀመጠው ሌላው ግን ወዲያው ቀበል አድርጎ «ሊኑክስ ለሥራ እንጂ ለጨዋታ አይሆንም» አለ።

ይህች ሁለተኛይቱ ንግግር ናት ዛሬ ብዕር ያስነሣችን። ብዙ ሰው ይላታል፤ ብዙ ዘመንም እውነት ሆና ቆይታለች። ዛሬ ግን እኩሌታዋ እውነት መሆኑ ቀርቷል። ሌላው እኩሌታ ለምን እንዳልቀረ ማወቁ ደግሞ ከጨዋታ በላይ የሆነ ትምህርት አለው።

ባለቤት የሌለው ገበታ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና በመጀመሪያ ሊኑክስ ምን እንደ ሆነ እንናገር። በኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ማናቸውም ፕሮግራም በገዛ እጁ ምንም ነገር አይነካም። ስክሪኑ ላይ ሥዕል ለማውጣት፣ ድምፅ ለማሰማት፣ ከማኅደሩ አንድ ነገር ለማንበብ ሲፈልግ ፈቃድና አገልግሎት የሚጠይቀው ሁሉን የሚያስተዳድር አንድ ታላቅ ፕሮግራም አለ። በግብር ቤት እንደሚቆም አጋፋሪ ልንመስለው እንችላለን። ማን እንደሚገባ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ለማን ምን እንደሚቀርብ የሚያዝ እርሱ ነው። ዊንዶውስ አንዱ አጋፋሪ ነው፤ ሊኑክስም ሌላው ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ትልቅ ልዩነት ይህ ነው። የዊንዶውስ አጋፋሪ የሚሠራበት ደንብ በባለቤቱ ኩባንያ መዝገብ ቤት ተቈልፎ የተቀመጠ ነው። የሊኑክስ ደንብ ግን በአደባባይ የተለጠፈ ነው፤ የፈለገ ሁሉ ያነበዋል፣ ይቀዳዋል፣ ስሕተት ቢያገኝበት ያርመዋል፣ ያረመውንም ለሌላው ያካፍለዋል። ነጻ ሶፍትዌር የሚባለውን አሳብ በ1983 ያወጁት አሜሪካዊው ሚስተር ሪቻርድ ስቶልማን ናቸው። በ1991 ደግሞ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የራሱን ሥርዓት መጻፍ መጀመሩን ለዓለም አስታወቀ። ያን ጊዜ የተናገረው ነገሩ የትርፍ ጊዜ ሥራው እንጂ ትልቅ ነገር እንደማይሆን ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሥራውን በእነ ሚስተር ስቶልማን የነጻ ፈቃድ ሥር አዋለው፤ ከዚያ ወዲህ ከየአገሩ እጅግ ብዙ ሰው እጁን ጨመረበት። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ይህ አሳብ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። ለመሆኑ የገበጣ ባለቤት ማን ነው? መሬት ላይ ጕድጓዶቹን የማሰ፣ ጠጠሩን የሰበሰበ ሁሉ ይጫወታል። ከአገር አገር የአጨዋወቱ ደንብ ይለያያል፤ «የእኛን ደንብ ለወጣችሁብን» ብሎ የከሰሰ ሰው ግን አልሰማንም። ሊኑክስም በኮምፒዩተር ዓለም እንዲሁ ባለቤት የሌለው ገበታ ነው።

ከጨዋታ የተወለደ ሥርዓት

«ጨዋታና ሊኑክስ አይተዋወቁም» የሚሉ ሰዎች አንድ ታሪክ ባያውቁ ነው። ሊኑክስ የተቀረጸው ዩኒክስ በተባለ የቀድሞ ሥርዓት አርአያ ነው። ዩኒክስ ደግሞ የተወለደው ከጨዋታ ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

በ1969 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ሚስተር ኬን ቶምሰን «የጠፈር ጉዞ» የሚባል ጨዋታ ጽፈው ነበር። ጨዋታው በፀሐይና በፕላኔቶች መካከል መርከብ እየነዱ ለማረፍ መሞከር ነው። ችግሩ ግን በመሥሪያ ቤቱ ትልቅ ኮምፒዩተር ላይ አንድ ጊዜ መጫወት 75 ዶላር ያህል የማሽን ሒሳብ ያስቈጥር ነበር። ሚስተር ቶምሰን ሰው ብዙም የማይጠቀምበት ፒ.ዲ.ፒ. 7 የሚባል አነስተኛ ኮምፒዩተር አገኙና ጨዋታቸውን ከባልደረባቸው ከሚስተር ዴኒስ ሪቺ ጋር ወደዚያ አዛወሩት። ለጨዋታው ሲሉ መሣሪያውን ጠንቅቀው አወቁት፤ ብዙም ሳይቈይ በዚያው ማሽን ላይ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት ሠሩበት። ዛሬ የዓለምን ትልልቅ ኮምፒዩተሮች የሚያንቀሳቅሰው የአሠራር ዘር ከዚያ የተገኘ ነው።

አለቃ ቢያያቸው ኖሮ «የመሥሪያ ቤት ሰዓት በጨዋታ ታባክናላችሁ» ብሎ ባስጠነቀቃቸው ነበር። እኛም ይህን የምንጽፈው ወጣት ሠራተኞች ነገ ጧት በቢሮ ጨዋታ እንዲከፍቱ አይደለም። ጨዋታ የወደደ ሰው መሣሪያውን መመርመር ይወዳል፤ መሣሪያውን የመረመረ ደግሞ አንድ ቀን ሌላ ቁም ነገር ይሠራበታል ለማለት ነው።

የድርቁ ዘመን

ታዲያ ሊኑክስ ከጨዋታ ዘር ከተወለደ ስለ ምን ከጨዋታ ተለየ? ምክንያቱ የገበያ አዙሪት ነው። የጨዋታ ኩባንያዎች ገዢ ወዳለበት ይሄዳሉ፤ ገዢው በዊንዶውስ ዘንድ ነበር። ጨዋታዎቹም የሚጻፉት በዊንዶውስ ቋንቋ ሆነ፤ በተለይም ሥዕሉን የሚያወጡት ዳይሬክት ኤክስ በሚባለው የማይክሮሶፍት መሣሪያ ነበር። ጨዋታ ስለሌለ ተጫዋች ወደ ሊኑክስ አይመጣም፤ ተጫዋች ስለሌለም ኩባንያው ለሊኑክስ አይጽፍም። እንዲህ እየተባባሉ ዓመታት አለፉ።

በመካከሉ የሞከሩ አልጠፉም። ዱም የተባለው ዝነኛ የተኩስ ጨዋታ በ1994 በሊኑክስ ላይ እንዲሠራ ተደርጎ ነበር። ሠሪዎቹም በ1997 መጨረሻ የፕሮግራሙን ጽሑፍ ለሕዝብ ስለ ለቀቁት፣ ይኸው እስከ ዛሬ በማናቸውም ዓይነት መሣሪያ ላይ ሲጫወቱት ይታያል። በ1998 ሎኪ ሶፍትዌር የሚባል ኩባንያ ተቋቁሞ የታወቁ ጨዋታዎችን እያመጣ ለሊኑክስ ይሸጥ ጀመር። ሥራው የሚመሰገን ነበር፤ ገዢው ግን አልበቃ አለና በ2002 መጀመሪያ ሱቁን ዘጋ። ከዚያ በኋላ የሊኑክስ ተጫዋች ድርቅ እንደ መታው ገበሬ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ቈየ።

አስተርጓሚው

ዝናቡ የመጣው ማንም ብዙ ካልጠበቀው ወገን ነው። በ1993 ጥቂት ሰዎች አንድ አሳብ አሰቡ። «ጨዋታው የሚናገረው የዊንዶውስን ቋንቋ ነው፤ ሊኑክስ ይህን ቋንቋ አይሰማም። ኩባንያዎቹን ጨዋታችሁን እንደገና ጻፉልን ብለን ከምንለምን ለምን በመካከል አስተርጓሚ አናቆምም?» አሉ። ለአስተርጓሚውም ዋይን የሚል ስም ሰጡት።

አሠራሩን በችሎት ምሳሌ እናስረዳ። ባለጉዳዩ አንድ ቋንቋ ብቻ ያውቃል፤ ዳኛውም የሚያውቀው ሌላ ቋንቋ ነው። አስተርጓሚው ባለጉዳዩ የተናገረውን እየሰማ ለዳኛው ይነግራል፤ የዳኛውንም ቃል መልሶ ለባለጉዳዩ ይነግራል። ዋይንም እንዲሁ ነው። ጨዋታው «መስኮት ክፈትልኝ፣ ይህን ፋይል አንብብልኝ» ሲል ዋይን ቃሉን ወደ ሊኑክስ ቋንቋ መልሶ ያቀርባል፤ መልሱን ደግሞ በዊንዶውስ ቋንቋ ይመልሳል። ጨዋታው ዊንዶውስ ቤት ያለ ይመስለዋል።

ሲናገሩት ቀላል ነው። ሥራው ግን የዊንዶውስን ደንብ ተቈልፎ ከተቀመጠበት ሳይነኩ፣ ከውጭ ሆኖ በጥያቄና በመልስ ብቻ ማጥናት ነበር። የመጀመሪያው የተሟላ እትም፣ ዋይን 1.0፣ የወጣው በ2008 ነው። ከተጀመረ 15 ዓመት መሆኑ ነው! በእነዚያ ዓመታት ብዙ ሰው ስቆባቸዋል። እነርሱ ግን ዛሬ አንድ ቃል፣ ነገ ሌላ ቃል እየተረጐሙ ቀጠሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይህ ነው።

የቀረው ትልቁ ችግር ሥዕሉ ነበር። የዘመኑ ጨዋታ በሰከንድ ውስጥ 60 ጊዜና ከዚያም በላይ ሥዕሉን ይለዋውጣል፤ አስተርጓሚው አንዲት ቃል ሲፈልግ ቢዘገይ ስክሪኑ ይንተባተባል። በ2016 ቩልካን የሚባል፣ በብዙ ኩባንያዎች ስምምነት የወጣ፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ የሥዕል ቋንቋ መጣ። ከዚያም ፊሊፕ ሬቦሌ የሚባል ሰው የማይክሮሶፍትን የሥዕል ትእዛዝ ወደ ቩልካን የሚመልስ ዲ.ኤክስ.ቪ.ኬ. የተባለ ፕሮግራም ጻፈ። ለዚህ ያነሣሣው ምን ይመስላችኋል? ኒር ኦቶማታ የሚባለውን ጨዋታ በሊኑክስ ላይ መጫወት ፈልጎ ነው። ሚስተር ቶምሰን ከጨዋታቸው ተነሥተው ዩኒክስ ላይ እንደ ደረሱ፣ ይህም ሰው ከጨዋታው ተነሥቶ ስንትና ስንት ሺሕ ሰው የሚሻገርበትን ድልድይ ሠራ።

አንድ ነጋዴ ለምን መጣ?

ድልድዩን ያሰፋው ግን አንድ ነጋዴ ነው። ስቲም የሚባለውን ትልቅ የጨዋታ መደብር የሚያስተዳድረው ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ነው። ኩባንያው ወደ ሊኑክስ የመጣው ለነፍሱ ብሎ አይደለም። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 8 ውስጥ የራሱን መደብር ሲከፍት የቫልቭ መሪ ሚስተር ጌብ ኒውዌል ሠጉ፤ በ2012ም ይህ ሥርዓት ለኮምፒዩተር ገበያ ጥፋት መሆኑን በአደባባይ ተናገሩ። ሱቁ በሰው ግቢ ውስጥ የሆነ ነጋዴ፣ ባለ ግቢው አጠገቡ ሌላ ሱቅ ሲከፍት ሌላ መውጫ በር መፈለጉ አያስገርምም።

ስቲም በ2013 ወደ ሊኑክስ መጣ። በ2015 ስቲም ማሽን የተባሉ መሣሪያዎች ወጡ፤ ነገር ግን ጨዋታው አነስተኛ ስለ ነበረ ገበያ አልቀናቸውም። ቫልቭም ከውድቀቱ ተማረ። ኩባንያዎቹን መለመን ትቶ ለአስተርጓሚዎቹ ገንዘብ ከፈለ፤ ሚስተር ሬቦሌንም ለሥራው ይከፍለው ጀመር። ዋይንንና ዲ.ኤክስ.ቪ.ኬ.ን አንድ ላይ አድርጎ ፕሮቶን በሚል ስም በኦገስት 2018 አወጣ። መጀመሪያ ይሠራሉ ተብለው የተመሰከረላቸው 27 ጨዋታዎች ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ የሚሠሩት ብዙ ሺሕ ናቸው። በፌብሩዋሪ 2022 ደግሞ ስቲም ዴክ የተባለ በእጅ የሚያዝ፣ ውስጡ ሊኑክስ የሆነ መሣሪያ ወጣ። ከገዙት ሰዎች መካከል በሊኑክስ እየተጫወቱ መሆናቸውን እንኳ የማያውቁ ሳይኖሩ አይቀሩም። ለአስተርጓሚ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም፤ ጥሩ አስተርጓሚ መኖሩ የሚረሳ ነውና።

ቍጥሩን ስናይ ግን ልባችን አይበጥ። በራሱ በስቲም ቈጠራ ሊኑክስ ከተጫዋቾቹ መካከል 3 ከመቶውን ያለፈው ገና በኦክቶበር 2025 ነው።

እኛም በጡረተኛው ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስን ጫንን። ተማሪ ሳለን እንጫወታቸው ከነበሩት መካከል የሚበዙት ጨዋታዎች ተነሡ። አንዱ ከቀድሞው እኩል ይሮጣል፤ ሌላው መጀመሪያ ሲከፈት ትንሽ ይንገራገጭና ኋላ ይስተካከላል፤ አንዱ ደግሞ ስሙን ጽፎ ከዚያ ወዲያ ጥቁር ስክሪን ሆኖ ቀረ። በጠቅላላው ግን ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ደስታ ደግሞ ሰባኪ ያደርጋል።

የቅዳሜው ማታ

ስብከታችንን ከሰሙት አንዱ በመሥሪያ ቤት የምንቀራረበው ጓደኛችን ነው። ታላቅ ወንድሙ ለእንጀራ ብሎ ወደ ዐረብ አገር ከሄደ ዓመታት አልፈዋል። ሁለቱ ወንድማማቾች ቅዳሜ ማታ በኢንተርኔት ተገናኝተው የኳስ ጨዋታ ይጫወታሉ። እየተጫወቱ ያወራሉ፤ ይሰዳደባሉ፤ ይስቃሉ። እናታቸው ከጓዳ ሆነው የትልቁን ልጃቸውን ሳቅ ይሰማሉ፤ አልፎ አልፎም መጥተው «በላህ ወይ?» ይሉታል። ስልክ ሲደወል የሚያሳፍረውና የሚረሳው ነገር በጨዋታ መካከል ይወጣል። እነርሱ የሚጫወቱት ኳስ ነው ብለን ነበር፤ ለካስ ናፍቆት ኖሯል።

በእኛ ውትወታ ይህ ጓደኛችን ዊንዶውሱን አጥፍቶ ሊኑክስን ጫነ። ቅዳሜ ማታ ደረሰ። ጨዋታውን ቢከፍተው አልገባም አለ። ደጋግሞ ሞከረ፤ በስልክ ጠራን፤ እኛም የምናውቀውን ሁሉ አዘዝነው፤ አልሆነም። ወንድምየው ሁለት ሰዓት ያህል ጠብቆ ተኛ። ሰኞ ቢሮ ስንገናኝ ጓደኛችን አልተቈጣም። «እናቴ ትናንትም ዛሬም፣ ልጄ ምን ሆኖ ነው ድምፁ የጠፋው እያለች ትጠይቀኛለች» አለን ብቻ። ያን ቀን ምሳችን አልጣመንም።

በር የዘጋው ማን ነው?

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ጠለቅ ብለን የመረመርነው። ጨዋታው ያልሠራው አስተርጓሚው ቋንቋውን ስላላወቀ አይደለም። ያልሠራው ዘበኛው ስለ ከለከለ ነው።

ብዙ ሰው በኢንተርኔት በሚገናኝበት ጨዋታ አጭበርባሪዎች ይነሣሉ፤ በግድግዳ ማዶ የሚያሳይ፣ ሳያነጣጥሩ የሚያስመታ ፕሮግራም ይጠቀማሉ። ይህን ለመከላከል ኩባንያዎች ከጨዋታው ጋር ዘበኛ የሚሆን ፕሮግራም ይልካሉ። ዘበኛው በበር ቢቆም ማንም ባልተቃወመው ነበር። ከእነዚህ ዘበኞች አንዳንዶቹ ግን ካልጠፋ ስፍራ ባለቤቱ መኝታ ቤት ካልገባን፣ የሣጥኑንም ቁልፍ ካልያዝን አንጠብቅም ይላሉ። ይህም ማለት ከአጋፋሪው እኩል በሥርዓቱ እምብርት ውስጥ ተቀምጠው በኮምፒዩተሩ ላይ የሚደረገውን ሁሉ ለማየት የሚያስችል ሥልጣን ይይዛሉ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ዘበኛ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው፤ በአስተርጓሚ በኩል ሊገባም አይችልም።

ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ የተባለው ጨዋታ ለብዙ ዓመታት በዋይን በኩል በሊኑክስ ሲሠራ ኖሮ፣ በ2024 እንዲህ ያለ ዘበኛ ሲቀጠርለት በሩ ተዘጋ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር መጨረሻ የኤፔክስ ሌጀንድስ ባለቤቶች ከሊኑክስ የሚመጡትን ተጫዋቾች እንዳገዱ አስታወቁ። ክፍት የሆነው ሥርዓት ለአጭበርባሪዎች ይመቻል፤ ሐቀኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት ይቸግረናል የሚል ምክንያት ሰጡ።

ፍርድ ስንሰጥ በሁለቱም ወገን ሆነን እንስማ። ማጭበርበር እውነተኛ በሽታ ነው፤ በሐቀኝነት የሚጫወተውን ሰው ጨዋታ ያስጠላዋል። ማንም ሊለውጠው በሚችል ሥርዓት ላይ ዘበኛው ራሱ ሊታለል ይችላል መባሉም ከንቱ ክርክር አይደለም። ነገር ግን ሌላም እውነት አለ። ኢዚ አንቲ ቺትና ባትል አይ የተባሉት ሁለት ታላላቅ ዘበኞች ከ2021 ጀምሮ የጨዋታው ባለቤት ከፈቀደ በፕሮቶን በኩል መሥራት ይችላሉ። የፈቀዱ ባለቤቶች አሉ፤ ያልፈቀዱም አሉ። ካውንተር ስትራይክ 2ና ዶታ 2ን የመሳሰሉ እጅግ ብዙ ተጫዋች ያሏቸው ጨዋታዎችም በቀጥታ ለሊኑክስ የተጻፉ ናቸው።

እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በፊት ሊኑክስ ላይ ጨዋታ የማይሠራው በችሎታ ማነስ ነበር፤ ያንን ችግር ሕዝብ ተባብሮ በሠላሳ ዓመት ትዕግሥት አሸነፈው። ዛሬ የቀረው ግን ከዕውቀት ይልቅ የፈቃድ ጉዳይ ነው። ገንዘብ ከፍለን የገዛነው ጨዋታ ትናንት ሠርቶ ዛሬ በአንድ ውሳኔ ሊዘጋ ከቻለ፣ የገዛነው ጨዋታውን ነበር ወይስ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ተቀምጦ የመጠበቅን መብት?

ለሚሞክር ሰው

ከስሕተታችን የተማርነውን እንናገር። በመጀመሪያ፣ የነበረውን ሳያጠፉ መሞከር ይቻላል። ሊኑክስን በፍላሽ ላይ አድርጎ ዲስኩን ሳይነኩ ማስነሣት የሚቻል ስለ ሆነ፣ ኮምፒዩተሩ ድምፁና ዋይፋዩ በወጉ መሥራታቸውን አይቶ መወሰን ነው። ሁለተኛ፣ የሚወዱት ጨዋታ ይሠራ እንደ ሆነ አስቀድሞ ማጣራት ነው። ፕሮቶን ዲ.ቢ. የሚባለው መዝገብ ተጫዋቾች የሞከሩትን ጨዋታ ሁሉ ፕላቲነም፣ ወርቅ፣ ብር፣ ነሐስ እያሉ ደረጃ የሚሰጡበት ነው። በኢንተርኔት ከሰው ጋር የሚጫወቱት ከሆነ ዘበኛውን ሳይጠይቁ አንዲት እርምጃ አይራመዱ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች፤ እኛም ቸኵለን የሰው ቅዳሜ አፍስሰናል።

ሦስተኛ፣ ከስቲም መግዛት ለሁላችንም ቀላል አይደለም። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ አንድ የዘመኑ ትልቅ ጨዋታም በአሥር ጊጋባይት የሚቈጠር ስለ ሆነ የኢንተርኔት ጥቅላችንን ባንድ ሌሊት ይውጠዋል። በዚህ ምክንያት ብዙዎቻችን «ክራክ» የምንለውን ከሰው ፍላሽ እየገለበጥን ስንጫወት ኖረናል። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ ከወርቁም ጋር ቫይረሱ ሲመጣ አይተናል። ከመስረቅ ይልቅ ባለቤቶቹ ራሳቸው በነጻ የሰጡትን መጫወት ይሻላል። ሱፐር ታክስ ካርት የሚባለው የመኪና እሽቅድምድም ልጆችን ያስቃል። ዌስኖዝ የሚባለው ተራ በተራ የሚያዋጋ ጨዋታ ከ2003 ጀምሮ እየተሻሻለ የመጣ ነው፤ ለደካማ ኮምፒዩተርም አይከብድም። ዜሮ ኤ.ዲ. በሚባለው ደግሞ የጥንት መንግሥታት ይዋጋሉ፤ ከእነርሱም መካከል የጎረቤታችን የኩሽ መንግሥት አለ። የፕሮግራሙ ጽሑፍ ክፍት ስለ ሆነ ነገ ከተማሪዎቻችን አንዱ ተነሥቶ የአክሱምን መርከቦችና ሐውልቶች አጥንቼ ልጨምር ቢል የሚከለክለው የለም። እንዲህ ያለውን በተዘጋ ጨዋታ ላይ ቢያስብ ግን ደጅ ጠንቶ የሚቀር ይመስለናል።

ጓደኛችንስ ምን አደረገ? ዲስኩን ለሁለት ከፍሎ በአንዱ ወገን ዊንዶውስን መለሰ፤ በሌላው ሊኑክስን አስቀረ። ከእሑድ እስከ ዓርብ በሊኑክስ ይሠራል፣ ይጫወታልም፤ ቅዳሜ ማታ ሲደርስ ወደ ሌላኛው ክፍል ይሻገራል። በሚቀጥለው ቅዳሜ የወንድሙ ሳቅ እስከ ጓዳ ተሰማ። እኛም «መርሕህን ለወጥህ» አላልነውም። ወንድምን የሚያስረሳ ነጻነት ማን ይፈልጋል? ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ ሁለት ወንድማማች በሚገናኙበት በር ላይ ቁልፉን ሌላ ሰው መያዙ ነው።

ይህን ያህል ስለ ጨዋታ መጫወታችን ለጨዋታው ብቻ ብለን አይደለም። ዛሬ ይህን ገጽ የሚያነብ ተማሪ ነገ ለመሥሪያ ቤት ፕሮግራም ይጽፋል፤ ዛሬ ጀማሪ የሆነው ሠራተኛ ነገ በግዢ ሰነድ ላይ ፊርማውን ያኖራል። መዝገቡ፣ ደመወዙ፣ የሕዝቡ ፋይል ሁሉ በኮምፒዩተር ሲያድር «ይህን የገዛነውን ነገር ቁልፉን ማን ያዘው? ባለቤቱ አንድ ቀን በቃ ቢለን ምን እንይዛለን?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። በጨዋታ ላይ ይህን ጥያቄ የለመደ ሰው በቁም ነገር ላይ አይረሳውም። ጨዋታው ቢዘጋ አንድ ቅዳሜ ይበላሻል፤ ፋይሉ ቢዘጋ ግን ስንት ባለጉዳይ በየደጁ እንደሚቆም የመሥሪያ ቤት ሰው ያውቀዋል።

ጡረታ ውጣ የተባለው ላፕቶፓችን ግን ይህን ጽሑፍ የጻፍንበት እርሱ ነው። ጽፈን ስንጨርስ ሥራው አላለቀም፤ ዛሬ ማታ ከዌስኖዝ ሠራዊት ጋር ቀጠሮ አለው።